በኪሎ የሚገዛው ሬዚንና ባለ 450 ማት ለጣና አሮጌ ጀልባ ያዋጣሉ?

ባሕር ዳር ላይ ሆዱ የዝናብ ውኃ አቁሮ የተተወ የፋይበርግላስ ሞተር ጀልባ ሲታይ የሚገምተው ሁሉ «ፋይበሩ አብቅቶለታል» ይላል። ፋይበሩ ግን ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው። ያበቃለት በሁለት የፋይበር ቆዳ መካከል የተቀበረው እንጨት ነው፤ ሞተሩ የሚታሰርበት የኋላ ሳንቃ፣ ከወለሉ ሥር በቁመት የተዘረጉት ወራጆች፣ ወለሉ ራሱ። የደንገል ታንኳ ሠሪዎች ይህን ከጥንት ያውቁታል፦ ታንኳው ከውኃ በወጣ ቁጥር ቀጥ ተደርጎ ይቆምና ይደርቃል። በፋይበር የተጠቀለለ እንጨት ግን አንዴ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ከገባበት መድረቂያ የለውም። ስለዚህ የጥገና ዕቃ ሲገመገም «ይጠነክራል ወይ?» ማለት ብዙም አይጠቅምም፤ ሁሉም ይጠነክራል። ከአሮጌው ፋይበርና ከአዲሱ እንጨት ጋር ይያያዛል ወይ፣ ውኃ ያሳልፋል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው።

እዚህ የምንመዝነው አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም ጀልባ በግቢ ውስጥ ለማደስ በተለምዶ የሚገዛውን ዕቃ ነው፦ በኪሎ እየተቀዳ የሚሸጥ ፖሊስተር ሬዚን፣ በትንሽ ጠርሙስ የሚሰጥ ማጠንከሪያ (ኤም.ኢ.ኬ.ፒ.) እና ካሬ ሜትሩ 450 ግራም የሚመዝን፣ ከተቆራረጠ የብርጭቆ ክር የተሠራ ማት። ከዚሁ ጋር አብረው የሚቀርቡትን ስቱኮ፣ የጣሳ ፎም፣ ኮምፔርሳቶና ሲሊኮንም እናያለን። ፍርዱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሬዚኑና ማቱ ለቆዳ ሥራ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ለኋላ ሳንቃው ኢፖክሲ (ከእንጨት ጋር አጥብቆ የሚያያዝ ሌላ ዓይነት ሬዚን) ካልተጨመረ ግን ሥራው ግማሽ ነው። ስቱኮውና የጣሳው ፎም ከውኃ መስመር በታች ድርሽ ማለት የለባቸውም።

ሬዚኑ

ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዕድሜው ነው። ፖሊስተር ሬዚን ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ጥላ ቦታ ቢቀመጥ ስድስት ወር ገደማ ይቆያል፤ ሙቀት ዕድሜውን ይበላበታል። ወደ ጎጃም የሚመጣው በርሜል የአባይን በረሃ ሸራ ሥር ታፍኖ ተሻግሮ፣ ከዚያም በቆርቆሮ መጋዘን ሊከርም ይችላል፤ በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ቀን ማየት ብቻ አይበቃም። ክዳኑን አስከፍቱና በእንጨት አንሱት። ደኅናው እንደ ሞተር ዘይት ይወርዳል። እንደ ማር ክር እያወጣ ከተንጠለጠለ ወይም ውስጡ የረጋ ጓል ካለበት መርጋት ጀምሯል፤ ተዉት። ሻጩ «በቲነር አቀጥንላችኋለሁ» ካለም አትቀበሉ። ቲነሩ በጠነከረው ሬዚን ውስጥ ታስሮ ይቀርና ለስላሳና ውኃ አሳላፊ ያደርገዋል። ይህን ሬዚን በወጉ የሚያቀጥነው ስታይሪን (ሬዚኑ ውስጥ ራሱ ያለው ፈሳሽ) ብቻ ነው፣ እሱም በጥቂቱ።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ኮባልት፣ ማለትም የማጠንከሪያውን ሥራ የሚያፋጥነው ፈሳሽ፣ ገብቶበታል ወይ የሚለው ነው። ማፋጠኛው ቀድሞ የገባበት ሬዚን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ያደላ ቀለም አለው፤ እንዲህ ያለውን መግዛት ይቀላል፣ ይሻላልም። ኮባልቱ ለብቻው በጠርሙስ ከተሰጣችሁ አንድ ሕግ አለ፣ የማይጣስ፦ ኮባልቱና ማጠንከሪያው በቀጥታ መገናኘት የለባቸውም። በአንድ ዕቃ ከተቀላቀሉ ይቃጠላሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። ኮባልቱ መጀመሪያ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ይማሰላል፤ ማጠንከሪያው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ካርቶን አታስቀምጡ።

ከዕቃው ሁሉ ደካማው የአለካክ መመሪያው ነው። «ለኪሎ ሁለት ክዳን» ይባላል፤ የማን ክዳን? ትክክለኛው መጠን ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ለ1 ኪሎ ሬዚን 1.5 በመቶ ማለት 15 ግራም፣ በመርፌ ሲለካ 13 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ሬዚኑን በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን፣ ማጠንከሪያውን ከፋርማሲ በሚገዛ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ለኩ። የወጥ ቤት ሚዛን በአንድ ግራም አይታመንም፤ ለ3 ግራም ማጠንከሪያ በእሱ መተማመን ሢሶውን መሳት ነው። ባሕር ዳር በቀትር 27 ዲግሪ ሲሆን 1 በመቶ ይበቃል፤ ጠዋት 20 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ወደ 2 ጠጋ ይባላል። ከ1 በታች ከወረደ ግን ሬዚኑ አንድ ሳምንት ቢጠበቅም እስከ ውስጡ አይበስልም። ከ2 በላይ ሲሆን ደግሞ ይሞቃል፣ ይሰነጠቃል፣ የተረፈው ማጠንከሪያም ፕላስቲኩን ያላላዋል። ቀኑ ሞቆ ሬዚኑ እጃችሁ ላይ እየረጋ ካስቸገራችሁ ማጠንከሪያውን ሳይሆን በአንዴ የምትበጠብጡትን መጠን ቀንሱ፤ ከ500 ግራም በላይ በአንድ ዕቃ ባይበጠበጥ ይመረጣል።

ሙሉውን ከመግዛታችሁ በፊት ሩብ ኪሎ ገዝታችሁ ፈትኑ። 100 ግራም ሬዚን በ1.5 ግራም ማጠንከሪያ፣ 25 ዲግሪ ላይ፣ ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ጄሊ መርጋት አለበት። አንድ ሰዓት ሆኖት እየፈሰሰ ከሆነ ወይ ኮባልት የለውም ወይ ማጠንከሪያው ሞቷል። በማግሥቱ ያንኑ ፈተና በጣት ንኩት። ላዩ የሚለጠፍ ከሆነ ሰም የሌለበት ነው፤ ይህ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ንብርብር ለመደራረብ የሚፈለገው እሱ ነው። አየር የነካው ገጽ ስለማይበስል ቀጣዩ ንብርብር ሳይፋቅ ይያዝበታል። የመጨረሻውን ንብርብር ብቻ ላስቲክ አልብሳችሁ አየር ከልክሉት፣ ወይም ሰም የተጨመረበት ሬዚን ቀቡት። ላዩ ደርቆ ጠንካራ ከሆነ ግን ሰም አለበት ማለት ነው፤ በየንብርብሩ መካከል በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ካልተፋቀ ቆዳው በኋላ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ሻጮች ይህን ልዩነት አይነግሯችሁም፣ ብዙዎቹም አያውቁትም።

መበጥበጫው ላይም ጥንቃቄ አለ። ነጩ፣ እንደ ፎም ቀለል ያለው የቡና ኩባያ በስታይሪን ይሟሟል፤ ሬዚኑ ፈስሶ ወለል ላይ ይቀራል። ከአሮጌ ቢጫ ጀሪካን ሥሩን ቆርጦ መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ሬዚን ጀሪካን አይዝም፤ ሲደርቅ በአንድ ምት ይላቀቃል። (በዚያው ምክንያት የተሰነጠቀ የሮቶ ታንከር በሬዚን ለመድፈን የሚደረገው ሙከራ ሁሉ ከንቱ ነው።)

ማቱ

450ው ማት በጥገና ሥራ ላይ ሚዛናዊ ነው፤ 300ው ብዙ ድርብ ይጠይቃል፣ 600ው ጥግ ላይ አይታጠፍም። አንድ ንብርብር ሲበስል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይሰጣል። የሚጠጣው ሬዚን በክብደት የራሱን 2 እጥፍ ተኩል ያህል ነው፤ ጥሩ እጅ 2.2 ላይ ያቆመዋል። ሲገዛ ወደ ብርሃን ተይዞ ይታይ፤ ሳስቶ የሚያበራና ተጓሎ የሚጠቁር ቦታ ካለው እኩል ውፍረት አይሰጥም። እርጥበት የነካው ማት ወደ ቢጫ ያደላል፣ ሬዚንም በወጉ አይጠጣም። ክረምቱን ሱቅ ውስጥ የከረመ ጥቅል ከሆነ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቆርጣችሁ ሳይሆን ዳሩን በእጅ ቀዳችሁ ተጠቀሙ፤ የተቀደደ ዳር ሲጣበቅ እርከን አይሠራም።

የዕቃውን ብቃት ለማየት አንድ ቀዳዳ እንደምሳሌ እንውሰድ። ቀፎው 6 ሚሊ ሜትር ወፍራም ነው፣ ድንጋይ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ከፍቶበታል። ዳሩ እንደ ሳህን ጠርዝ በ12 ለ1 ይሳሳል፦ በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ በየአቅጣጫው 72 ሚሊ ሜትር። የተፋቀው ክብ እንግዲህ 24 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «ትንሹን ቀዳዳ አሰፋችሁት» ይላል፤ ማጣበቂያው ግን የሚይዘው በሰፊ ገጽ እንጂ በ6 ሚሊ ሜትር ጠርዝ አይደለም። ከመፋቁ በፊት ቦታው በአሴቶን ይጠረጋል፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የጀልባውን ሰምና ቅባት ብርጭቆ ወረቀቱ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል። መፋቂያው 36 ወይም 40 ቁጥር ነው፤ ለስላሳ ገጽ ላይ ሬዚን አይዝም።

ከ24 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር እየጠበቡ የሚሄዱ ስድስት ክብ ማቶች ይቀደዳሉ። አጠቃላይ ስፋታቸው 0.15 ካሬ ሜትር፣ ክብደታቸው 70 ግራም ገደማ ነው። ሬዚኑ 150 ግራም ይበቃዋል፤ በብሩሽና በዕቃው ላይ የሚቀረው ታስቦ 200 ግራም፣ ማጠንከሪያው በ1.5 በመቶ 3 ግራም። ከሦስት ንብርብር በላይ በአንዴ አይሠራም፤ ሙቀቱ ይሰበሰብና ይጨማደዳል። ሦስቱ ቀዝቅዘው ሲጠነክሩ ቀሪዎቹ ይከተላሉ። ብሩሹ ማቱን አይጎትትም፣ ይወጋዋል። ከዚያ ቀለበት ባለው የብረት ሮለር አየሩ ይወጣል። ነጭ ሆኖ የቀረ ነጥብ ሁሉ አየር ወይም ሬዚን ያላገኘ ክር ነው። ሮለሩ ከሱቅ ከጠፋ ብሎን ላይ ራንዴላዎችን፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ እያደረጉ በመደርደር ይሠራል፤ መልኩ ያስቃል፣ ሥራው ግን ያው ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ሬዚኑና ማቱ ነቀፋ የለባቸውም። አሮጌው ቀፎ ራሱ ከፖሊስተር ስለሆነ በላዩ ጄልኮት (የጀልባውን የውጪ ገጽ የሚሸፍነው ባለ ቀለም ሬዚን) መቀባት ይቻላል፣ ቀለሙም ይመሳሰላል።

የኋላ ሳንቃው

እዚህ ግን ፖሊስተሩ ይደክማል። ከእንጨት ጋር ያለው መያያዝ ደካማ ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ቆዳው ቀስ በቀስ ይለቃል። አሮጌዎቹ ጀልባዎች የተበላሹትም በዚሁ መንገድ ነው። ያንኑ ዕቃ ደግሞ መጠቀም ያንኑ በሽታ መትከል ነው።

መጀመሪያ ምርመራው። በመዶሻ እጀታ ከላይ እስከ ታች አንኳኩ፦ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ግንድ ድብ ይላል። ከውስጥ በኩል በታችኛው ጠርዝ ሦስት ቦታ ላይ በ5 ሚሊ ሜትር ትራፓኖ ብሱ። የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደግ። ጥቁር፣ እርጥብና ሻጋታ የሚሸት ከሆነ እንጨቱ አልቋል። ከብሎን ቀዳዳው በታች ብቻ ነው የበሰበሰው ብሎ ግማሹን መቁረጥ አያዋጣም፤ ውኃው በኮምፔርሳቶው ድርብርብ መካከል ከምትገምቱት በላይ ርቆ ይሄዳል።

የውስጠኛው ቆዳ ዙሪያውን 5 ሴንቲ ሜትር ከንፈር ተትቶ በግራይንደር ይቆረጣል። የውጪው ቆዳ አይነካም፤ የጀልባውን ቅርጽ የያዘው እሱ ነው። እንጨቱ በመሮ ከተነሣ በኋላ በካርቶን ልኩ ይወሰድና ሁለት ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ይቆረጣል፤ ተጣብቀው ከቆዳው ጋር 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይመጣሉ፣ የሞተሩ መንከሻም ለዚህ የተሠራ ነው። ማጣበቂያው ኢፖክሲ ይሁን። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ከፍታው 55 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሳንቃ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ በውጪው ቆዳና በእንጨቱ መካከል 2.5 ኪሎ፣ በሁለቱ እንጨቶች መካከል 800 ግራም፣ እንጨቱን ሁለት ጊዜ ለመቀባት ግማሽ ኪሎ፣ ሁለት ንብርብር ባለ 600 ግራም የተሰፋ ጨርቅ ለማልበስ 1.4 ኪሎ። ከብክነቱ ጋር 6 ኪሎ። ዋጋው ከፖሊስተሩ እጥፍ በላይ ሊሄድ ስለሚችል መላውን ጀልባ በሱ መሥራት አያስፈልግም፤ እዚህ ላይ ግን መሰሰት የለም።

ኢፖክሲ የራሱ ጠባይ አለው። መጠኑ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው። ለምሳሌ የዌስት ሲስተም 105 ሬዚን ከ205 ማጠንከሪያ ጋር በይዘት 5 ለ1 ይቀላቀላል፤ ሌላው 2 ለ1 ሊሆን ይችላል። እንደ ፖሊስተሩ «ቶሎ እንዲደርቅ» ተብሎ ማጠንከሪያ አይጨመርበትም፤ የተጨመረው ሳይያያዝ ተርፎ ሥራውን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። በጠባብ ኩባያ ከተተወ ራሱን አሙቆ ይጨሳል፣ ስለዚህ ወዲያው በሰፊ ዝርግ ዕቃ ላይ ገልብጡት። ሲደርቅ ላዩ ላይ እንደ ሰም የሚያሟልጭ ነገር ሊያወጣ ይችላል፤ እሱ በውኃና በሻካራ ስፖንጅ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ብርጭቆ ወረቀት የሚነካው። ያ ሁሉ የተመሰገነው 450 ማት ደግሞ ከኢፖክሲ ጋር አይስማማም፦ ክሮቹን የያዘው ማያያዣ የሚሟሟው በስታይሪን ነው፣ ኢፖክሲ ውስጥ ስታይሪን የለም፤ ማቱ ደርቆ እንደ ካርቶን ይቆማል። የተሸመነ ወይም የተሰፋ ጨርቅ ፈልጉ።

ለማጣበቂያ ኢፖክሲው ይወፍራል። በሻይ ማጥለያ የተነፋ የደረቀ የዋንዛ ወይም የሌላ እንጨት ብናኝ ይበቃል፤ ኮሎይዳል ሲሊካ ከተገኘ ደግሞ ይመረጣል። እንጨቱ መጀመሪያ ባልወፈረው ይቀባል፣ ይጠጣ። ከዚያ እንደ ሽሮ፣ በመጨረሻም ስፓቱላ ላይ ሲገለበጥ የማይወርድ እንደ ገንፎ ያለው ይለጠፋል። ሞርሴቶው አጥብቆ መንከስ የለበትም፤ ሙጫው ሁሉ በጎን ወጥቶ ደረቅ እንጨት ከደረቅ ቆዳ ጋር ይቀራል። በዙሪያው ትንሽ እኩል ከወጣ በቂ ነው። የውስጥ ጥጎቹ ቀጥ ያለ ማዕዘን ሆነው አይቀሩም፣ ጨርቁ እዚያ አየር ይይዛል፤ ገንፎው በሾርባ ማንኪያ ጀርባ ተስቦ ይደፍናቸው።

የብሎን ቀዳዳዎቹ ላይ ብዙዎች ሰንፈው ሥራውን ያበላሻሉ። ለ12 ሚሊ ሜትር ብሎን መጀመሪያ 20 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ቀዳዳው በወፈረ ኢፖክሲ ሙሉ በሙሉ ይደፈናል፤ ሲጠነክር በመሐሉ 12 ሚሊ ሜትር ይበሳል። ብሎኑ ዳግመኛ እንጨት አይነካም፣ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውኃው ኢፖክሲ ላይ ይቆማል። ለውኃ መልቀቂያው ቡሽ ቀዳዳም እንዲሁ አድርጉ፤ ብስባሱ አዘውትሮ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው።

ኢፖክሲ በተሠራበት ላይ ፖሊስተር ወይም ጄልኮት አይመለስም፤ በቅጡ አይዝም። እዚያ ቦታ ላይ የኢፖክሲ ፕራይመርና ባለ ሁለት ጣሳ ፖሊዩሬታን ቀለም ይሁን፣ በሮለር። በመርጫ መርጨት ግን ለግቢ ሥራ አይደለም፤ የዚህ ቀለም ማጠንከሪያ ጭጋግ ሳንባ ይጎዳል።

ወራጆቹና ወለሉ

ወለሉ ሲነሣ ቀፎው መተማመኛውን ያጣል። አሸዋ ወይም ገለባ በተሞላ ጆንያ ከሥር ዙሪያውን ካልተደገፈ ይሰምጣል፣ በዚያው ቅርጽ አዲሱ ወራጅ ከታሰረ ጀልባው ዕድሜውን ሙሉ ተጣሞ ይሄዳል። ሁለቱን ወራጅ አንድ ላይ አታንሡ፤ አንዱ ተተክቶ ሲጠነክር ሌላው። እዚህ ፖሊስተርና ማት ይሠራሉ፣ ምክንያቱም ሸክሙን የሚይዘው በእንጨቱ ላይ የሚለበሰው የፋይበር ሳጥን ነው፦ አራት ንብርብር፣ በየጎኑ ቀፎው ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረግጥ፣ አንዱ ከሌላው እየራቀ። ውኃ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች በፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ኮንዲዩት ይሸፈኑ። ወለሉ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሆኖ ሥሩም ጠርዙም መቀባቱ አይረሳ።

ስለ ኮምፔርሳቶው ካነሣን፣ ከማይታወቅ ሉህ ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ወስዳችሁ አራት ሰዓት ቀቅሉት፣ አድርቁት፣ ደግማችሁ ቀቅሉት። ባሕር ዳር ላይ ውኃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ አንድ ሰዓት ብትጨምሩ አይከፋም። ድርቡ ከተላቀቀ ለቁም ሣጥን ይሁን። ለኮንክሪት ፎርምወርክ የሚሸጠው ጥቁር ገጽ ያለው ኮምፔርሳቶ ሙጫው አብዛኛውን ጊዜ ይህን ፈተና ያልፋል፤ ጥቁሩ ፊልም ግን ምንም ነገር ስለማይዝ ሁለቱም ገጽ እስከ እንጨቱ መፋቅ አለበት። ጠርዙ ላይ ክፍተት የሚታይበትን ሉህ በርካሽም ቢሆን አትውሰዱ።

የማይገዙት

ስቱኮ። ለመኪና ቦዲ የተሠራ፣ ግማሽ ያህሉ የድንጋይ ዱቄት የሆነ ነገር ነው፤ እርጥበት ይጠጣል። ከውኃ በላይ ላለ ጭረት ይሁን። ከውኃ መስመር በታች ሲገባ ያብጥና ጄልኮቱን ገፍቶ ይወድቃል። «አዲስ ታድሷል» ተብሎ የሚሸጥ ጀልባ ስትገዙ ሆዱን ስታንኳኩ የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

የጣሳ ፎም፦ ለበርና ለመስኮት ክፍተት የተሠራ። ወለል ሥር ሲረጭ ለመንሳፈፊያ ይሆናል ተብሎ ይገዛል፤ ሲውል ሲያድር ውኃ ይመጥጣል። 100 ሊትር ቦታ የያዘ ፎም ውኃ ከጠገበ እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል፣ ሁልጊዜ የማይወርድ ተሳፋሪ። አሮጌው ፎምም እንዲህ ሆኖ ከተገኘ ሁሉም ይውጣ። የሚተካው በሁለት ፈሳሽ የሚሠራው፣ ኪዩቢክ ሜትሩ 32 ኪሎ የሚመዝን ዝግ ፎም ነው። ያ ካልተገኘ ክዳናቸው በደንብ የተጠበቀ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች በመረብ ታስረው ይደርደሩ፤ አንድ ሊትር አየር አንድ ኪሎ ያነሣል፣ ወጥተውም ይታያሉ፣ ይለወጣሉ። ለመርከብ ዕቃ ሻጭ አሳፋሪ ሊመስል ይችላል፣ ለጀልባው ግን ከጣሳው ፎም ይሻላል።

ሲሊኮን በጀልባ ላይ ከመስታወት በቀር ቦታ የለውም። አንዴ የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሬዚንም አይዝም፤ ለብሎንና ለዕቃ ማሸጊያ ፖሊዩሬታን ማስቲሽ ግዙ።

ውኃ ውስጥ የሚከርም ጀልባ

የጨው ውኃ ይበልጥ ይጎዳል የሚለው ለሞተር እውነት ነው፤ ለፋይበር ግን ተቃራኒው ነው። ጣፋጭ ውኃ፣ እንደ ጣና ያለው፣ በጄልኮቱ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፍና ውስጥ ካልበሰለ ሬዚን ቅሪት ጋር ይገናኛል፤ ያ ፈሳሽ ከውጪው ውኃ ስለሚወፍር ተጨማሪ ውኃ ይስባል፣ ቆዳውም ይቋጥራል። ቋጠሮውን ስትወጉ መነጽር አድርጉ፤ ፈሳሹ ተጭኖ ይወጣል፣ እንደ ኮምጣጤ ይሸታል። ዓመቱን ሙሉ ታስሮ የሚቆም ጀልባ ላይ ይህ ይጠበቃል፣ በየማታው ወደ ዳር የሚወጣው ላይ ግን ብርቅ ነው። ቋጠሮዎቹ ተፍቀው በንጹሕ ውኃ ይታጠቡ፣ ጀልባው ከኅዳር ጀምሮ በጥላ ይድረቅ። መድረቁን ለማወቅ 30 በ30 የሆነ ጥርት ያለ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት፤ ላስቲኩ ሥር ጤዛ ከታየ ገና ነው። መሸፈኛው ኢፖክሲ ነው፤ በፖሊስተር መሙላት በሽታውን መመለስ ነው።

የሥራው ወቅትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ እርጥብ ነው፣ ሬዚን አትንኩ። በታኅሣሥና በጥር ቀኑ መልካም ሆኖ ሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከ15 በታች ፖሊስተሩ ይተኛል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምራችሁ እስከ ስምንት ሰዓት ጨርሱ፣ እስኪመሽ የሚጠነክርበት ጊዜ ያገኛል። የካቲትና መጋቢት ከሁሉ ይመቻሉ። ሥራው በዳስ ወይም በተከፈተ ግቢ ይሁን፤ የስታይሪን ሽታ በዝግ ክፍል ራስ ያዞራል፣ እሳትም ይይዛል፣ ከሰል ማንደጃ ካለበት ይራቅ። ለፍቂያው የአቧራ ማስክ፣ ለሬዚኑ የካርትሪጅ ማስክ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ማጠንከሪያው ዐይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይታጠብና ወደ ሐኪም። በሰጋቱራ ላይ የፈሰሰ ማጠንከሪያ ራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል አጥባችሁ እንጂ ጠርጋችሁ አትተዉት።

ክብደትና ሞተር

ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው እዚህ 33 ነው። ስለዚህ ማቱን በሬዚን ማጥለቅለቅ፣ «ለጥንካሬ» ተብሎ ባለ 18 ወለል ማንጠፍና እርጥብ ፎም መተው ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ይታወቃል፦ ጀልባው አፍንጫውን ሰቅሎ ውኃ ይገፋል እንጂ አይንሸራተትም። የካርቡራቶሩ ጂግለር (ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ቀዳዳ) ለከፍታው ካልተቀነሰ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል። ፕሮፔለሩ ሙሉ ጋዝ ላይ አምራቹ የጻፈውን ዙር ካላመጣ ባንድ ወይም በሁለት ኢንች ያነሰ ፒች (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት) ያለው ይተካ፤ አንድ ኢንች ከ150 እስከ 200 ዙር ይለውጣል። እምቦጭ ባለበት ዳር ላይ ደግሞ የማቀዝቀዣ ውኃ መሳቢያው ይደፈናል፤ ከኋላ የሚወጣው የውኃ ክር ሲቀጥን ሞተሩን አጥፍታችሁ አንሡት።

ሲወርድ የመጀመሪያዎቹን 24 ሰዓታት ዳር ላይ ታስሮ ይቆይ፣ ወለሉ ላይ ሙሉ ጀሪካኖች ተጭነው፤ ከዚያ ሆዱ በእጅ ይዳሰስ። ሞተሩ 10 ሰዓት ከሠራ በኋላ የኋላ ሳንቃው ዳዶዎች እንደገና ይጥበቁ። ግማሽ ዙር መቀበላቸው ያለ ነው። ለሁለተኛ ጊዜም ከተቀበሉ ራንዴላው ሥር ያለው ቆዳ እየተጨቆነ ነው፤ ከውስጥ በኩል 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ የአሉሚኒየም ሳህን አግቡበት።